አሞኛል ያለ አብራሪ፦ የሕመም ፈቃድና የሐኪም ወረቀት በአየር መንገዶች

የዚህ ምሽት ንግግር ስለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ሐኪም የፈረመባት፣ የጤና ተቋም ማኅተም ያረፈባት፣ ለሕመምተኛው የሦስት ቀን እረፍት ተሰጥቷል የምትል ወረቀት ናት። በተራ መሥሪያ ቤት ብዙ አታነጋግርም። በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚወጣ ሰው ሲጠየቃት ግን ነገሩ ከሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ይወጣና ተሳፋሪውንም የሚነካ ይሆናል።

የንግግሩ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። አብራሪ አሞኛል ብሎ ከበረራ ሲቀር አሠሪው «የሐኪም ማስረጃ አምጣ» ማለቱ በረራውን ይበልጥ ደኅና ያደርገዋል ወይ? አስቀድሞ ሕጉ ከአብራሪው ምን እንደሚጠብቅ፣ ቀጥሎ አየር መንገዶች ለምን እንደሚጠራጠሩ ይታያል። ከዚያ በአውሮፓ የደረሰ አንድ ከባድ አደጋ ስለ ወረቀቷ ምን እንዳጋለጠ ይነገራል፤ በመጨረሻም የልዩ ልዩ አገሮች ሕግና የራሳችን አዋጅ ይነሣሉ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጃችን ቁጥር ብቻ በእኛው ተጽፏል።

ሕጉን ከአንድ በሰነድ ከተመዘገበ ታሪክ መጀመር ይቀላል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ማታ ከኒውዮርክ አጠገብ ካለው ከኒዋርክ ተነሥቶ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ለማረፍ ጥቂት ሲቀረው ተከሰከሰ። የተሳፈሩት 49 ሰዎች በሙሉ፣ አውሮፕላኑ በወደቀበት ቤት የነበረ አንድ ሰው ተጨምሮ፣ ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ኒዋርክ የደረሰችው ከሲያትል ተነሥታ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ፣ በሜምፊስ በኩል አቆራርጣ ነው። የበረራ ክፍሉ ድምፅ መቅጃ ስታነጥስና አፍንጫዋን ስትስብ ቀርጿታል። ሕመሙ ቤቷ እያለች ጀምሯት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ እንደማትመጣ ለካፒቴኑ ስትነግረውም ይሰማል። አሁን አሞኛል ብትል ደግሞ እስኪሻላት ድረስ ሆቴል የምትይዘው ራሷ እንደሆነች ትናገራለች።

መርማሪዎቹ ለአደጋው ምክንያት ያሉት ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሊወድቅ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ መሪውን ሲያንቀጠቅጠው ካፒቴኑ የሰጠው ምላሽ የተሳሳተ ነበር። የሁለቱም አብራሪዎች ድካም አሠራራቸውን ሳይጎዳው እንዳልቀረ ጽፈው፣ ለአደጋው ያደረገውን አስተዋፅኦ መጠን ግን መወሰን እንዳልተቻለ አስታውቀዋል። ስለዚህ 50 ሰው የገደለው ጉንፋን ነው የሚል ሰው እውነቱን ያዛባል። ከዚህ ታሪክ መያዝ ያለበት ነገር የታመመችው አብራሪ ልብረር ወይስ ልቅር ብላ ስታስብ የመጣባት ሐሳብ የሆቴል ኪራይ መሆኑ ነው።

ሕጉ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ነበር የሚጠብቅባት። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ በአንቀጽ 61.53 ጤናው እንደጎደለ የሚያውቅ፣ ወይም ለማወቅ በቂ ምክንያት ያለው አብራሪ መሪ እንዳይጨብጥ ይከለክላል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለምዶ ኢካኦ የሚባለው፣ በአባሪ 1 ላይ ይህንኑ ግዴታ በአብራሪ ፈቃድ ባለቤቶች ሁሉ ላይ ጥሏል። ኢትዮጵያ ድርጅቱን የወለደውን የ1944ቱን የቺካጎ ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ከዚህ አይለይም። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፦ ለዛሬው በረራ ብቁ መሆንህን መጀመሪያ የምትፈርደው አንተው ራስህ ነህ።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። የትልልቅ አየር መንገድ አብራሪዎች የሚይዙት አንደኛ ደረጃ የጤና ብቃት ማረጋገጫ በአሜሪካ ሕግ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በታች ለሆነ በየ12 ወሩ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ በየ6 ወሩ ይታደሳል። እንግዲህ የአቪዬሽን ሐኪሙ አብራሪውን የሚያየው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንቂያው ሲጮህ፣ ጉሮሮው መከርከሩን፣ ሆዱ መታወኩን፣ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ዓይኑ ሳይከደን ማደሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

በምድር ላይ ቀላል የሆነ ሕመም ሰማይ ላይ ባሕርዩን ይለውጣል። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጡ ያለው የአየር ግፊት እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ይኸውም ወደ 2,400 ሜትር ገደማ፣ የአዲስ አበባን ከፍታ የሚያህል ነው። አውሮፕላኑ ከዚያ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዱባይ ሲወርድ በጉንፋን የተደፈነ አፍንጫና ጆሮ ግፊቱን ማስተካከል ይቸግረዋል፤ ሕመሙ ሰውን የሚያስጮህ፣ የጆሮ ታምቡርንም የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ውጦ መሥራትም መፍትሔ አይሆንም። በብዙ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒን ውስጥ የሚገኘው ዳይፈንሃይድራሚን እንቅልፍ ስለሚያመጣ የአሜሪካው የአቪዬሽን አስተዳደር አብራሪ እርሱን ከወሰደ በኋላ 60 ሰዓት እንዳይበር ይመክራል። የባንክ ገንዘብ ያዥ ያንኑ ክኒን ውጦ ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ ይገኛል፤ አብራሪው ሁለት ቀን ተኩል ይቀራል። አለቃው የሁለቱን የቀሪ መዝገብ ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ አብራሪው ሰነፍ መስሎ ይታየዋል። ያስቀረው ግን ክኒኑ ነው።

የአብራሪው ግዴታ ይህን ይመስላል። አሁን ደግሞ አሠሪው የሚያቀርበውን አቤቱታ በሚገባው ክብደት መስማት ይገባል፤ ከባዶ የመጣ አይደለምና።

አንድ አብራሪ በመጨረሻው ሰዓት ሲቀር የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ተጠባባቂ አብራሪ ከቤቱ መጠራት አለበት፤ ያውም ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን ፈቃድ ያለው፣ የሥራ ሰዓት ገደቡም ያልሞላ። ካልተገኘ በረራው ይዘገያል፤ አውሮፕላኑ ቀጥሎ ሊበርባቸው የነበሩ ሦስትና አራት ከተሞችም አብረው ይዘገያሉ። ይህ በአጋጣሚ ሳይሆን በስምምነት ሲደረግ ውጤቱ ምን እንደሚሆን የአሜሪካን አየር መንገድ በፌብሩዋሪ 1999 አይቶታል። ድርጅቱ ሪኖ ኤር የተባለውን አነስተኛ አየር መንገድ ገዝቶ ነበር፤ የአዲሶቹ አብራሪዎች ደመወዝና አገባብ ከነባሮቹ ጋር ጠብ አስነሣ። ወዲያው አሞኛል ባዮች በዙ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ በረራዎችም ተሰረዙ። በዳላስ የተቀመጠው የፌዴራል ዳኛ አብራሪዎቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ አዘዘ፤ ትእዛዙ በጊዜው ባለመከበሩ በአብራሪዎች ማኅበር ላይ 45.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ።

እንዲህ ያለው የሕመም አድማ ለምን ይወለዳል ቢባል አንዱ መልስ ከሕግ ይገኛል። በአሜሪካ አየር መንገዶች በ1936 የተካተቱበት የባቡር ሠራተኞች ሕግ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ያሉ ሠራተኞች ረጅሙን የሽምግልና መንገድ ሳይጨርሱ ሥራ ማቆምን ይከለክላል። በሩ ሲዘጋ መስኮት የሚፈልግ አይጠፋም። በ2008 ደግሞ ዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎቼ በሕመም ስም ሥራ እያጓተቱ ነው ብሎ ክስ አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም እገዳ ሰጠ፣ ይግባኝ ሰሚው በቀጣዩ ዓመት አጸናው። በሕንድም በሜይ 2024 የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ የበረራ አስተናጋጆች በአንድ ጊዜ ታመምን ብለው ቀሩ፤ ድርጅቱ 25 ሰዎችን አባረረ፤ የመንግሥት አስታራቂ ገብቶ መልሷቸዋል።

ስለዚህ የአሠሪው ጥርጣሬ መሠረት አለው። በዩናይትዱ ክርክር ውስጥ ግን ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አለ። ዳኞቹን ካሳመኑት ነገሮች አንዱ፣ የአብራሪዎቹ የግል የሐኪም ወረቀት ሳይሆን፣ አኃዝ ነው፤ ከወትሮው በተለየ ወር፣ በተለየ መጠን፣ በአንድነት የታመሙ ሰዎች ቁጥር። የተደራጀ ውሸት በጅምላ ሲታይ ይጋለጣል። ነጠላ ሰውን በወረቀት መጠየቅ ለዚህ እምብዛም አይረዳም፤ ለመዋሸት የቆረጠ ሰው ወረቀት አያጣምና። ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ ያለውን ሰው ውሸትህን ነው የሚል ሐኪም የትም አገር አይገኝም።

አኃዝም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጁን 12 ቀን 2025 የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ከአሕመዳባድ በተነሣ በሰከንዶች ውስጥ ተከስክሶ፣ ተሳፋሪዎቹና ምድር ላይ የነበሩት ተደምረው 260 ሰዎች ሞቱ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁን 16፣ የድርጅቱ 112 አብራሪዎች በአንድ ቀን የሕመም ፈቃድ መጠየቃቸውን መንግሥት ለሕንድ ፓርላማ አስታውቋል። ቁጥሩን ብቻ ያየ አድማ ነው ሊል ይችላል። ባልደረቦቹን ቀብሮ፣ ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን ይዞ እንዲነሣ የሚጠበቅ ሰው ግን ልቡ ካልረጋ ቤቱ መቀመጡ ትክክለኛ ሥራ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ምን ብሎ ያጽፋል? ሐዘን በአገራችን ልማድ እንኳ የራሱ ቀናት አሉት።

ከዚህ በኋላ ንግግሩ ወደ ዋናው ማስረጃ ይገባል።

ማርች 24 ቀን 2015 ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ የሚበር የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን በፈረንሳይ አልፕስ ተራራ ላይ ተከስክሶ 144 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች አለቁ። ካፒቴኑ ለአፍታ ሲወጣ ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆልፎ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ወደ ተራራው አወረደው። የፈረንሳይ መርማሪዎች ሪፖርት በማርች 2016 ሲወጣ የብዙ ወራት ሕመም ታሪክ ይፋ ሆነ። ሰውየው ገና በሥልጠና ሳለ በ2008 የመንፈስ ጭንቀት ይዞት ትምህርቱን አቋርጦ ነበር። በ2014 መጨረሻ ሕመሙ ተመለሰበት። በርካታ ሐኪሞች ዘንድ ሄደ፣ መድኃኒትም ታዘዘለት፤ ማርች 10 ቀን 2015 አንዱ ሐኪም ምናልባት ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ሳይሆን እንደማይቀር ጽፎ ሆስፒታል እንዲተኛ መከረ።

የሐኪም ወረቀትም ነበረው። አንድ ብቻ አልነበረም፤ በተከታታይ የተጻፉ ነበሩ። ከአደጋው በኋላ የጀርመን ዐቃቤ ሕግ ቤቱን ሲያስፈትሽ የተቀዳደዱ የሕመም ፈቃድ ወረቀቶች ተገኙ፤ ከእነርሱም አንዱ የአደጋውን ዕለት የሚጨምር ነበር። ሐኪሙ አትሥራ ብሏል፤ ታማሚው ወረቀቱን ቀድዶ ወደ ሥራ ሄዷል፤ አሠሪውም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከሐኪሞቹ አንዳቸውም ለአቪዬሽን ባለሥልጣን አላሳወቁም። በጀርመን የሕመምተኛን ምሥጢር ያወጣ ሐኪም በወንጀል ይጠየቃል፤ ምሥጢሩን ለማውጣት የሚፈቀድበት አስጊ ሁኔታም ግልጽ ሆኖ አልተደነገገም ነበር።

ያ ሰው ለምን ደበቀ? ሪፖርቱ ገንዘቡንም ቆጥሮታል። ለሥልጠናው ወደ 41,000 ዩሮ ተበድሯል። ለመብረር ብቁ አይደለህም ቢባል በመድን የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ወደ 58,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ደመወዝም ሙያም የለውም። ይህ የፈጸመውን በምንም አያቀልለትም። ነገር ግን እርሱ የፈራውን ብዙ ሺህ ጤናማ አሳብ ያላቸው አብራሪዎችም ይፈሩታል፤ የንግግሩም ትኩረት እነርሱ ላይ ነው።

በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በአብራሪዎች ዘንድ ምክሩ ተገልብጦ ይሠራል፤ በሽታውን የገለጠ እንጀራውን ያጣል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው። በ2022 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 3,765 አብራሪዎችን ጠይቆ 56 በመቶ የሚሆኑት የጤና ማረጋገጫቸውን እንዳያጡ በመስጋት ከሕክምና የሸሹበት አጋጣሚ እንዳለ ነግረውታል። ይህ ሽሽት መልኩ ብዙ ነው፤ ሐኪም ዘንድ አለመሄድ፣ ሄዶም ሁሉንም አለመናገር፣ በማይመዘገብ መንገድ መታከም።

የሐኪም ወረቀት ጥያቄ ከዚህ ፍርሃት ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው፤ ከአየር መንገድ ዓለም ውጭ ያለ ሰው በቀላሉ አያየውም። የአሜሪካ አብራሪ የጤና ማረጋገጫውን ሲያሳድስ ባለፉት ሦስት ዓመታት የጎበኛቸውን የጤና ባለሙያዎች፣ ቀኑንና ምክንያቱን ጭምር፣ በቅጹ ላይ እንዲዘረዝር ይጠየቃል። አሠሪው ለሁለት ቀን ጉንፋን ወይም ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ እጦት ወረቀት ሲጠይቀው፣ ባያስፈልገው ኖሮ የማይሄድበት ሐኪም ቤት ይልከዋል። ያ ጉብኝት ለሦስት ዓመት ይከተለዋል። አንድ ቀን ሐኪሙ «ውጥረት» ብሎ የጻፋት ቃል ለሌላ ምርመራ፣ ለሌላ ወረቀት፣ ለወራት ከበረራ መታገድ በር ልትከፍት ትችላለች። እንዲህ የሚያሰላ ሰው ምን ያደርጋል? ይበራል። ወረቀት የመጠየቁ ዓላማ የውሸት ታማሚውን ወደ ሥራ መመለስ ነበር፤ አብሮት ግን እውነተኛው ታማሚ ይመለሳል። ወረቀቱን ቀድዶ የሚበረውን ደግሞ ከመጀመሪያውም አይነካውም፤ እርሱ አሞኛል አላለምና ማንም አይጠይቀውም።

ጀርመን ከ2023 ጀምራ በሕዝባዊው የጤና መድን ለታቀፉ ሠራተኞች ወረቀቱን በኤሌክትሮኒክስ ተክታለች፤ ሐኪሙ ለመድን ድርጅቱ ይልካል፣ አሠሪው ከዚያ ይወስዳል። ዘመናዊ ነው፣ የሚቀደድ ነገርም የለውም። ሆኖም አሠሪው መረጃውን ማውጣት የሚችለው ሠራተኛው አሞኛል ብሎ ካሳወቀ በኋላ ነው። ያም ሆነ ይህ ነገሩ ወደዚያው አንድ ሰው አንደበት ይመለሳል።

የአውሮፓ ኅብረት ከአደጋው የወሰደው ትምህርት ግን የሚመሰገን ነው። በ2018 የወጣውና ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ የጸናው ደንብ አየር መንገዶች አብራሪን በመደበኛ በረራ ከማሰማራታቸው በፊት የሥነ ልቦና ምዘና እንዲያደርጉ ያዝዛል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላው ግዴታ ነው፦ እያንዳንዱ አየር መንገድ ለአብራሪዎቹ የሙያ ባልደረቦች ድጋፍ ፕሮግራም ሊያቋቁም ይገባል። የተጨነቀ አብራሪ ሄዶ የሚያነጋግረው የሠለጠነ ሌላ አብራሪ ነው፤ ንግግሩም በምሥጢር ይያዛል። አሜሪካም በዲሴምበር 2023 የባለሙያዎች ቡድን ሰይማ በ2024 24 ምክረ ሐሳቦች ቀርበውላታል፤ ብዙዎቹ አብራሪዎች ሕመማቸውን እንዳይገልጹ የሚያግዱትን መሰናክሎች ማንሣትን ይመለከታሉ።

ስለ ድካም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ወረቀት ፈጽሞ የማይደርስበት ጉዳይ ስለሆነ። የደከመ ሰው አልታመመም። ሐኪም መርምሮ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስም ተኝቶ ይነቃል። ከኮልጋኑ አደጋ በኋላ የተሻሻለው የአሜሪካ ደንብ ከጃኑዋሪ 2014 ጀምሮ አብራሪ ለመብረር በጣም ደክሞኛል ካለ ድርጅቱ እንዳያሰማራው ይከለክላል። ሕጉ እንዲህ ቢልም በጁን 2022 የዊዝ ኤር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለሠራተኞቻቸው ባደረጉት ንግግር ሁላችንም ደክሞናል፣ አንዳንዴ ግን ጥቂት ጨምሮ መሄድ ያስፈልጋል የሚል ይዘት ያለው ቃል ተናገሩ፤ የአውሮፓ አብራሪዎች ማኅበርም በብርቱ ነቀፋቸው። በዚያው ዓመት በኦገስት ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ የራሳችን አየር መንገድ በረራ መውረድ በሚገባው ሰዓት ሳይወርድ ማረፊያውን በከፍታ አልፎ ሄዶ ነበር፤ ኋላ በሰላም አርፏል። የአቪዬሽን ዘገባዎች አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ጻፉ፤ አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበርና ሠራተኞቹ ተጨማሪ ምርመራ እስኪደረግ ከሥራ መነሣታቸውን አስታወቀ። ደክሞኛል ማለት የማያስነቅፍበት የሥራ ቦታ ለማንኛውም አየር መንገድ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ ሕጎቹ እንለፍ። የሐኪም ወረቀት ከስንተኛው ቀን ይጀምር የሚለውን አገሮች በልዩ ልዩ መንገድ ፈትተውታል። በብሪታንያ ሠራተኛ እስከ 7 ቀን ድረስ በራሱ ቃል ይታመናል። በጀርመን የሐኪም ማረጋገጫ ግዴታ የሚሆነው ሕመሙ ከ3 ቀን ሲያልፍ ነው፤ አሠሪው ቀደም ብሎ እንዲጠይቅ ቢፈቀድለትም የበሽታው ስም ግን አይነገረውም። አየር መንገዶችን የሚገዛው የካናዳ ፌዴራል የሥራ ሕግ ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ በዓመት እስከ 10 የሚከፈልባቸው የሕመም ቀናት ሰጥቷል፤ ወረቀት ሊጠየቅ የሚችለው ቢያንስ 5 ተከታታይ ቀን ለቀረ ሠራተኛ ነው። የካናዳ ሐኪሞች ማኅበርም ለቀላል ሕመም ወረቀት መጻፍ የሐኪምን ጊዜ ያባክናል ብሎ ሲከራከር ቆይቷል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ወረቀት ፍለጋ ተራ ይዞ ሌላውን ማስያዙ ሳይቆጠር።

በአሜሪካ ክርክሩ የሞቀ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ከ2018 ጀምሮ አሠሪ ማስረጃ ሊጠይቅ የሚችለው ከ3 ቀን በላይ ለሆነ ቀሪ ብቻ እንደሆነ፣ ያም በሠራተኛው ላይ የማይገባ ሸክም እንዳይሆን ደነገገ። የአየር መንገዶቹ ማኅበር ሕጉ በበረራ ሠራተኞች ላይ እንዳይሠራ ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ግን ለግዛቱ ፈረደ። የዴልታ አብራሪዎች ደግሞ በጁላይ 2015 ለቀረበላቸው የኅብረት ስምምነት ረቂቅ 65 በመቶ ያህሉ እምቢ ብለዋል። የደመወዝ ጭማሪ ነበረው፤ ካስቆጧቸው ነጥቦች አንዱ የሕመም ፈቃድ ቁጥጥሩ መጥበቁ ነበር።

በባሕረ ሰላጤው፣ ለምሳሌ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች፣ የሕመም ፈቃድ በዓመት 90 ቀን ነው፤ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ 30ው በግማሽ፣ የቀረው ያለ ክፍያ። ሠራተኛው ግን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅና የሕክምና ሪፖርት ማቅረብ አለበት።

የእኛስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዘመኑ መለኪያ ለጋስ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሠራተኛው በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት፤ ፈቃዱንም የሚያገኘው መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ሲያቀርብ ነው። ለአንድ ቀንም ለሠላሳ ቀንም መስፈርቱ ያው ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ያስኬድ ይሆናል። አብራሪው ግን በሁለት ሕግ መካከል ይቆማል። አንዱ ብቁ ካልመሰለህ አትብረር፣ ወረቀትም አልጠይቅህም ይለዋል፤ ሌላው ወረቀት ካላመጣህ ቀኑ ያንተ አይደለም ይለዋል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው ያን ዕለት ጠዋት በአብራሪው ኪስ ነው፤ ይህ ደግሞ ለተሳፋሪ መልካም ዜና አይደለም።

አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኅብረት ስምምነት ለሠራተኛው ከሕጉ የተሻለ ጥቅም መስጠት ይችላል። ስለዚህ የንግግሩ መደምደሚያ ጥያቄ የሚቀርበው ድርድር ላይ ለሚቀመጡት ለአየር መንገድ ኃላፊዎችና ለማኅበር መሪዎች ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአብራሪው ቃል ብቻ ይታመኑ። ከዚያ በላይ ሲሆን የሚመጣው ማስረጃ መርሐ ግብር ለሚያወጣው አለቃ ሳይሆን ለአቪዬሽን ሐኪሙ ይሂድ፤ ለአለቃው የሚደርሰውም ይበራል ወይም አይበርም የሚል ቃል ብቻ ይሁን። ከቤቱ ርቆ የታመመ አብራሪ እስኪሻለው የሚያርፍበትን ሆቴል ድርጅቱ ይክፈል። በጤና ምክንያት ፈቃዱን ላጣም በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚሸኝ ሳይሆን ሌላ ሙያ እስኪይዝ የሚያቆየው መድን ይገባለት። አብራሪዎች በሕመም ስም አድማ የመቱ እንደሆነ አኃዙን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ መንገዱ ክፍት ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ፣ ከነተጠባባቂ አብራሪዎቹ ደመወዝ፣ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ሊካተት ይገባዋል፤ እኛ ተሳፋሪዎችም ልንከፍለው ይገባል።